ያረጁ የሰዓት ፈንክሽኖችን ከሊኑክስ ድራይቨር ውስጥ ነቅሎ በአዲሶቹ መተካት፦ ከመራዊ ቦይ ዳር የተማርኩት

ሰላም ለሁላችሁ። ይሄን የምጽፈው ባህር ዳርም ሁኑ ደብረ ማርቆስ ወይ ፍኖተ ሰላም፣ በትናንሽ ቦርዶች ላይ ሴንሰር እያገናኛችሁ የከርነል ድራይቨር (የሊኑክስ እምብርት የሆነው ከርነል ከሃርድዌር ጋር የሚነጋገርበት ኮድ) ለምትነካኩ ልጆች ነው። እኔን ይሄ ጉዳይ ሁለት ሳምንት ሙሉ በልቶብኛል፣ በአማርኛ ቁጭ ብሎ የሚያስረዳኝ ሰው ባገኝ ግን በሁለት ቀን ያልቅ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። መራዊ አካባቢ፣ ከቆጋ ግድብ ውሃ ከሚወስዱት ቦዮች አንዱ ላይ የውሃ ከፍታ የሚለካ መሳሪያ ተክለናል። አልትራሶኒክ ሴንሰር ነው፣ ከላይ ወደ ታች ድምፅ ይልካል፣ ድምፁ ውሃውን መትቶ ሲመለስ የፈጀበትን ጊዜ ቆጥሮ ርቀቱን ያወጣል። ቦርዱ 32 ቢት አርም ነው፣ በሶላር ነው የሚሰራው፣ የሰዓት ባትሪ የለውም። ድራይቨሩን ሴንሰሩን ከሸጡልን ሰዎች ነው ያገኘነው፣ ለከርነል 4.14 የተጻፈ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ኔትወርክ ጠፍቶ ስለነበር አብሮን የሚሰራው ልጅ የቦርዱን ሰዓት በእጁ አስተካከለው። ሰዓቱ በኛ 9 ሰዓት ነበር፣ እሱም 9፡00 ብሎ ጻፈ። ለቦርዱ 9፡00 ማለት ጠዋት ነው፣ ስለዚህ የቦርዱ ሰዓት 6 ሰዓት ወደኋላ ሄደ። ከዛ በኋላ መሳሪያው አንድ ቁጥር ላይ ተተክሎ ቀረ፣ ውሃው እየሞላ ቦዩን ሊያፈስ ደርሶ ስክሪኑ ላይ ያለው ከፍታ ግን ንቅንቅ አላለም፣ ስድስት ሰዓት ሙሉ። ሴንሰሩ ተበላሽቷል ብለን ወረድን፣ ሽቦ ፈታን፣ ኬብል ቀየርን፣ ምንም የለም። ጥፋቱ የልጁ አይደለም፣ ሰው ሰዓት ስላስተካከለ የውሃ መለኪያ ሊቆም አይገባም። ጥፋቱ ድራይቨሩ ውስጥ ነበር፣ ኮዱ "የመጨረሻው ንባብ ከተወሰደ 2 ሰከንድ ካልሞላው ያንኑ መልስ" ይላል፣ እድሜውን የሚያሰላው ደግሞ በግድግዳ ሰዓት ነው። ሰዓቱ ወደኋላ ሲሄድ የንባቡ እድሜ ኔጌቲቭ 6 ሰዓት ሆነ፣ ኔጌቲቭ ደግሞ ከ2 ያንሳል፣ በቃ ያንኑ አሮጌ ንባብ ሲመልስ ዋለ።

ከዛ ከርነሉን ወደ 5.10 ስናሳድግ ይሄው ድራይቨር ኮምፓይል መሆን እምቢ አለ፣ የሚጠራቸው የድሮ የሰዓት ፈንክሽኖች ከከርነሉ ተነስተዋል። ሁለቱ ችግሮች መነሻቸው አንድ ነው፣ እና አንድ ላይ ነው የሚፈቱት። ኮምፓይል እንዲሆን ብቻ ብላችሁ የድሮውን ስም በአዲስ ስም ብትለውጡት ኤረሩ ይጠፋል፣ የቦዩ ችግር ግን እዛው ይቀመጣል። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይሄን ያዙ።

አንድ ማስታወሻ፦ የፈንክሽኖቹን ስም በአማርኛ ፊደል በአጠራራቸው ነው የምጽፈው፣ ስም ውስጥ ሰረዝ ያለበት ቦታ ሁሉ ኮዱ ላይ አንደርስኮር ነው።

ለምን ተነሱ?

የድሮዎቹ ፈንክሽኖች ሰከንድ የሚያስቀምጡት ታይም-ቲ በሚባል ታይፕ ነው። 32 ቢት ማሽን ላይ ይሄ ታይፕ ምልክት ያለው 32 ቢት ቁጥር ነው፣ ከ2147483647 በላይ መያዝ አይችልም። ቆጠራው የሚጀምረው ከፈረንጆቹ ጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ነው፣ በኛ ታህሳስ 23 ቀን 1962 መሆኑ ነው። ይሄ ቁጥር የሚሞላው በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 19 ቀን 2038፣ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት) 03፡14፡07 ላይ ነው። ወደኛ ስትቀይሩት ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ? ጥር 11 ቀን 2030፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ። የጥምቀት ዕለት ጠዋት! ታቦታቱ ከከተራ ጀምሮ ጥምቀተ ባህር አድረው ህዝቡ ውሃው ዳር በቆመበት ሰዓት፣ ያልተስተካከለ 32 ቢት ማሽን ሁሉ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ወደ ታህሳስ 4 ቀን 1894 ይመለሳል፣ ምኒልክ ዙፋን ላይ ወዳሉበት ዘመን ማለት ነው። እኛ ቦይ ላይ የምንተክለው መሳሪያ ደግሞ ስልክ አይደለም በሁለት ዓመት አይቀየርም፣ እስከዛ ድረስ እዛው ተሰቅሎ የመገኘት እድሉ ሰፊ ነው።

የከርነል ሰዎች ይሄን ለማጽዳት ብዙ ዓመት ፈጅቶባቸዋል፣ ስራውን በዋናነት ሲገፋ የነበረው አርንድ በርግማን ነው። ዱ-ጌትታይምኦፍዴይ እና ዘመዶቹ በከርነል 5.0 (2019 በፈረንጆቹ) ተነሱ። በ5.6 (2020) ደግሞ ታይምቫል፣ ታይምስፔክ እና ታይም-ቲ የሚባሉት ታይፖች ራሳቸው ከከርነል ኮድ እንዲደበቁ ተደረገ። ስለዚህ ከ4 ምናምን ወደ 5.10 የዘለለ ሰው ሁለቱም በአንዴ ነው የሚገጥመው።

1. መጀመሪያ ሁሉንም ፈልጋችሁ አውጡ

ኮምፓይለሩ የመጀመሪያውን ኤረር ሲሰጣችሁ "ኢምፕሊሲት ዴክላሬሽን" ብሎ የፈንክሽኑን ስም ይጠራላችኋል፣ እዛ ላይ ሄዳችሁ ቶሎ አትቀይሩ። መጀመሪያ ጊት ላይ አዲስ ብራንች ክፈቱና በግሬፕ (ጽሑፍ ፈላጊ ኮማንድ ነው) ድራይቨሩን በሙሉ አስሱ። የምትፈልጓቸው ስሞች፦ ዱ-ጌትታይምኦፍዴይ፣ ጌትኤንኤስታይምኦፍዴይ፣ ጌት-ሰከንድስ፣ ከረንት-ከርነል-ታይም፣ ጌትሮውሞኖቶኒክ፣ ጌት-ሞኖቶኒክ-ቡትታይም፣ ከዛ ኤምኬታይም፣ አርቲሲ-ታይም-ቱ-ቲኤም፣ ከዛ ደግሞ ታይፖቹን፣ ስትራክት ታይምቫል፣ ስትራክት ታይምስፔክ እና ታይም-ቲን።

ይሄ ቀላሉ ነው። ከባዱ ኮምፓይለሩ የማይነግራችሁ ነው፣ ሰከንድ ተቀብለው ኢንት ወይ ሎንግ ወይ ዩ32 ውስጥ የሚያስቀምጡ ቦታዎች አሉ። ፈንክሽኑን ወደ 64 ቢቱ ብትቀይሩት እንኳ ውጤቱ 32 ቢት ቫሪያብል ውስጥ ከገባ የላይኛው ግማሽ በዝምታ ይቆረጣል፣ ብዙ ጊዜ ዋርኒንግም የለም። ስለዚህ ፈንክሽኑ የተጠራበት እያንዳንዱ ቦታ ላይ ቆማችሁ "ይሄ ቁጥር ወዴት ይሄዳል?" ብላችሁ እስከ መጨረሻው ተከተሉት፣ ወደ ሌላ ፈንክሽን ከተላለፈ እዛም ግቡ፣ ስትራክት ውስጥ ከተቀመጠ የስትራክቱን ፊልድ እዩ። እኔ በወረቀት ነው የጻፍኩት፣ የኛ ድራይቨር ውስጥ ሰባት ቦታ ተገኘ፣ ከሰባቱ ኮምፓይለሩ የጮኸው በአራቱ ላይ ብቻ ነበር።

2. ለእያንዳንዱ ቦታ አንድ ጥያቄ መልሱ

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ፣ ቀሪው ስራ በሙሉ እዚህ መልስ ላይ ነው የሚቆመው።

ከባህር ዳር ዳንግላ የሄደን ሰው ሁለት ነገር ልትጠይቁት ትችላላችሁ፣ "ስንት ሰዓት ላይ ደረስክ?" እና "መንገዱ ስንት ፈጀብህ?"። የመጀመሪያውን ለመመለስ ትክክለኛ ሰዓት ያስፈልጋል። ሁለተኛውን ለመመለስ ግን ሰዓቱ ትክክል መሆኑ ግድ የለውም፣ መንገድ ላይ ማንም ሳይነካው በእኩል መቁጠሩ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። መራዊ ላይ አንድ ሰው ሰዓቱን ከነካበት ዳንግላ ሲደርስ የሚነግራችሁ የጉዞ ርዝመት ውሸት ይሆናል፣ ከመነሳቱ በፊት የደረሰ ሁሉ ሊመስል ይችላል።

ከርነል ውስጥ የመጀመሪያው ሰዓት ሪልታይም ነው፣ ሰው በእጁ፣ ኤንቲፒ (ሰዓት አስተካካዩ ፕሮቶኮል) በኔትወርክ፣ ሊፕ ሰከንድም (አንዳንዴ የምትጨመረዋ ሰከንድ) ሲመጣ ይነካዋል፣ ወደኋላ ሊሄድም ይችላል። ሁለተኛው ሞኖቶኒክ ነው፣ ቦርዱ ሲነሳ ከዜሮ አካባቢ ይጀምራል፣ ሁልጊዜ ወደፊት ብቻ ይሄዳል፣ ማንም ወደኋላ አይመልሰውም። ሶስተኛ ደግሞ ቡትታይም የሚባል አለ፣ እንደ ሞኖቶኒክ ነው፣ ልዩነቱ ቦርዱ ሰስፔንድ ሆኖ የተኛበትንም ጊዜ ይቆጥራል። ሞኖቶኒክ እንቅልፍ ላይ ይቆማል፣ ቡትታይም አይቆምም። ሌሊት የሚተኛ የሶላር ቦርድ ላለው ሰው ይሄ ልዩነት ትልቅ ነው።

እና ድራይቨራችሁን ስታዩት፣ ታይምአውት፣ የምላሽ ፍጥነት፣ የንባብ እድሜ፣ በሁለት ኢንተራፕት (ሃርድዌሩ ለከርነሉ የሚሰጠው ምልክት) መካከል ያለ ክፍተት፣ እነዚህ ሁሉ "ስንት ፈጀ" ናቸው፣ ሞኖቶኒክ ወይ ቡትታይም ነው የሚፈልጉት። ሪልታይም የሚያስፈልገው ቀኑ ለሰው የሚታይ ወይም ዲስክ ላይ ተጽፎ ከሪስታርት በኋላ የሚነበብ ሲሆን ነው፣ ወይም ሃርድዌሩ ራሱ ቀን ስጡኝ ሲል። በኔ ልምድ ዱ-ጌትታይምኦፍዴይ ከሚጠሩት ድራይቨሮች አብዛኞቹ የፈለጉት "ስንት ፈጀ"ን ነው፣ የተጠቀሙት ግን "ስንት ሰዓት ነው"ን ነው። ከርነሉ ፈንክሽኑን ማንሳቱ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፣ ይሄን የቆየ ስህተት ቁጭ ብለን እንድናየው ያስገድደናል።

ከኛ ሰባት ቦታ ስድስቱ "ስንት ፈጀ" ነበሩ። አንዱ ብቻ፣ የካሊብሬሽን ቀን የሚጽፈው፣ እውነተኛ ቀን ይፈልግ ነበር።

3. አሁን ቀይሩ

መጀመሪያ ሄደሩን። ሊኑክስ ስላሽ ታይም የሚለውን ኢንክሉድ ብቻ ካለ ሊኑክስ ስላሽ ኬታይም እና ሊኑክስ ስላሽ ታይምኪፒንግን ጨምሩ።

ለ"ስንት ፈጀ" የምትፈልጉት ኬታይም-ጌት ነው። የሚመልሰው ኬታይም-ቲ የሚባል 64 ቢት የናኖሰከንድ ቁጥር ነው፣ ሰከንድና ማይክሮሰከንድ ለየብቻ መያዝ የለም። መነሻው ላይ አንዴ ትጠሩታላችሁ፣ መድረሻው ላይ አንዴ፣ ከዛ ኬታይም-ዩኤስ-ዴልታ ለሚባለው መጀመሪያ ኋለኛውን ቀጥሎ ፊተኛውን ስትሰጡት ልዩነቱን በማይክሮሰከንድ ይመልሳል። ቅደም ተከተሉን እንዳትገለብጡ፣ ኔጌቲቭ ይመጣል። በሚሊሰከንድ ከፈለጋችሁ ኬታይም-ኤምኤስ-ዴልታ አለ።

የኛ ድራይቨር የኢኮውን ጊዜ የሚያሰላው በድሮው መንገድ ነበር፣ ቲቪ-ሴክን በ1000000 ያባዛል፣ ቲቪ-ዩሴክን ይደምራል፣ ከዛ ይቀንሳል፣ ሁሉንም በሎንግ። 32 ቢት ላይ ይሄ ልዩነቱ ከ2147 ሰከንድ፣ ማለትም ከ35 ደቂቃ ከ47 ሰከንድ ካለፈ ይበላሻል። ለኢኮ ችግር የለውም፣ ሚሊሰከንዶች ናቸው፣ ግን ይሄው ማክሮ ኮፒ ተደርጎ የንባብ እድሜ የሚሰላበት ቦታም ገብቶ ነበር። እነዚያ ስምንት መስመሮች በሙሉ ጠፍተው በአንድ መስመር ተተኩ። ማይክሮሰከንዱን በ343 አባዝታችሁ ለ2000 ስታካፍሉ ርቀቱ በሚሊሜትር ይወጣል (ድምፅ በ20 ዲግሪ ሙቀት በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይሄዳል፣ ደርሶ መልስ ስለሆነ ግማሹ)። እግረ መንገዴን፣ የድምፅ ፍጥነት በእያንዳንዱ ዲግሪ 0.6 ሜትር ገደማ ይጨምራል፣ ጠዋት 10 ዲግሪ ቀትር ላይ 28 ዲግሪ የሚሆንበት ቦታ ላይ ለሁለት ሜትር ርቀት ብዙ ሴንቲሜትር ልዩነት ያመጣል፣ ስለዚህ ሰዓቱን ካስተካከላችሁ በኋላም ቁጥሩ ቀን ቀን ከፍ ዝቅ ካለባችሁ ቴርሞሜትር ጨምሩበት።

ኢንተራፕት ሃንድለር ውስጥ ከሆናችሁ ኬታይም-ጌትን የመጀመሪያው መስመር ላይ ጥሩት፣ ከሎክም ከፕሪንትም በፊት። ስሬድድ ሃንድለር የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ሰዓቱን በላይኛው፣ በሃርድ ሃንድለሩ ውስጥ ያዙት፣ ስሬዱ ተራ እስኪደርሰው የሚያልፈው ጊዜ መለኪያችሁ ውስጥ ይገባላ። ኬታይም-ጌት ኢንተራፕት ውስጥ መጠራት ይችላል። ኤንኤምአይ (ሊታገድ የማይችል ኢንተራፕት) ውስጥ ግን አይሆንም፣ እዛ ኬታይም-ጌት-ሞኖ-ፋስት-ኤንኤስ ነው፣ አብዛኞቻችሁ ግን እዛ አትደርሱም።

የንባብ እድሜ ደግሞ በኬታይም-ጌት-ቡትታይም ነው የቀየርኩት። ምክንያቱም ቦርዱ ሌሊት ተኝቶ ጠዋት ሲነሳ በሞኖቶኒክ ቢሆን የማታው ንባብ ገና 1 ሰከንድ ያልሞላው ትኩስ ይመስላል፣ በቡትታይም ግን 8 ሰዓት እንዳለፈው ያውቃል፣ አዲስ ይለካል።

እውነተኛ ቀን ለሚፈልገው ቦታ፣ ዱ-ጌትታይምኦፍዴይም ጌትኤንኤስታይምኦፍዴይም በኬታይም-ጌት-ሪል-ቲኤስ64 ይተካሉ፣ ቫሪያብሉም ስትራክት ታይምስፔክ64 ይሆናል። እዚህ አንድ ጉድጓድ አለ፣ ታይምቫል ውስጥ ያለው ማይክሮሰከንድ ነው፣ ታይምስፔክ64 ውስጥ ያለው ናኖሰከንድ ነው። ቲቪ-ዩሴክ የነበረውን ቲቪ-ኤንሴክ ብላችሁ ስሙን ብቻ ከቀየራችሁ ኮምፓይል ይሆናል ግን ቁጥሩ ሺህ እጥፍ ይሆናል። ለ1000 አካፍሉ፣ 1000 ብላችሁ በጥሬው ከመጻፍ ኤንሴክ-ፐር-ዩሴክ የሚለውን ኮንስታንት ተጠቀሙ፣ የሚያነበው ሰው ይገባዋል።

ሌሎቹን ቶሎ ልለፋቸው። ጌት-ሰከንድስ በኬታይም-ጌት-ሪል-ሰከንድስ ይተካል፣ የሚመልሰው ታይም64-ቲ ነው፣ ለ"ስንት ፈጀ" ከሆነ ግን ሪል የሚለውን አውጥታችሁ ኬታይም-ጌት-ሰከንድስ። ጌትሮውሞኖቶኒክ በኬታይም-ጌት-ሮው-ቲኤስ64፣ ጌት-ሞኖቶኒክ-ቡትታይም በኬታይም-ጌት-ቡትታይም-ቲኤስ64። ኤምኬታይም በኤምኬታይም64። የአርቲሲዎቹ አርቲሲ-ታይም64-ቱ-ቲኤም እና አርቲሲ-ቲኤም-ቱ-ታይም64 ሆነዋል። ከረንት-ከርነል-ታይም በኬታይም-ጌት-ኮርስ-ሪል-ቲኤስ64 ይተካል፣ ኮርስ የሚል ስም ያለባቸው ሃርድዌሩን ሳይጠይቁ የመጨረሻውን ቲክ (የከርነሉን መደበኛ የሰዓት ምት) ነው የሚሰጧችሁ፣ ፈጣን ናቸው ግን እስከ 10 ሚሊሰከንድ ሊሳሳቱ ይችላሉ፣ ለኢኮ መለኪያ በፍጹም አይሆኑም።

4. 32 ቢት ላይ የሚመጡ ጣጣዎች

ኮዱ ኮምፓይል ሆኖ ሞጁሉ ሊንክ ሲሆን ወይ ሲጫን "አንዲፋይንድ" ብሎ መጨረሻው ዲቭሞድ የሚል እንግዳ ስም ከጠራባችሁ አትደንግጡ፣ 64 ቢት ቁጥርን በተራ የማካፈያ ምልክት አካፍላችኋል ማለት ነው። 32 ቢት አርም ላይ ከርነሉ ለዚህ የሚሆን የጂሲሲ ላይብረሪ አይዝም። በዲቭ-ዩ64 ወይ ምልክት ካለው በዲቭ-ኤስ64 ተኩት። ዱ-ዲቭ የሚባልም አለ ግን ተጠንቀቁ፣ የሚመልሰው ቀሪውን ነው፣ ድርሻውን የሚያስቀምጠው በሰጣችሁት ቫሪያብል ላይ ነው፣ እኔ እሱን ትቼ ዲቭ-ዩ64 ብቻ ነው የምጠቀመው። ከቻላችሁ ደግሞ ኬታይም-ቱ-ዩኤስ፣ ኬታይም-ቱ-ኤምኤስ የሚሉትን ተጠቀሙ፣ ማካፈሉን ለናንተ ይሰሩላችኋል።

ፕሪንት የምታደርጉበት ቦታ ላይ የድሮው ፎርማት አንድ ኤል ነበር፣ አሁን ሁለት ኤል ያስፈልጋል። ይሄን ኮምፓይለሩ ዋርኒንግ ይሰጣችኋል፣ አትለፉት፣ 32 ቢት ላይ ከሱ ቀጥሎ ያለውንም ቁጥር አበላሽቶ ነው የሚያትመው። 64 ቢት ላፕቶፕ ላይ ብቻ ኮምፓይል አድርጎ "ይሰራል" የሚል ሰው ከላይ ያሉትን ጣጣዎች አብዛኞቹን አያያቸውም፣ ስለዚህ ላፕቶፓችሁ ላይ ብትሰሩም የግድ ለ32 ቢት አርም ክሮስ ኮምፓይል አድርጉ።

5. ከዩዘር ስፔስ (ከከርነሉ ውጭ ካሉት ተራ ፕሮግራሞች) ጋር የሚገናኘው ክፍል

እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው፣ እኔም ሁለት ቀን የጠፋብኝ እዚሁ ነው።

ድራይቨራችሁ በአዮክትል (ፕሮግራም ድራይቨርን በቁጥር የሚያዝበት ጥሪ) ወይ በሪድ በኩል ስትራክት ታይምቫል ለፕሮግራም የሚልክ ከሆነ ያንን ስትራክት ዝም ብላችሁ አትቀይሩት። በድሮው ላይብረሪ 32 ቢት ላይ ታይምቫል 8 ባይት ነው፣ 64 ቢት ላይ 16። ታይምስፔክ64 ብላችሁ ብትተኩት መጠኑ ይቀየራል፣ ድሮ ኮምፓይል የሆነው ፕሮግራም የተሳሳተ ቦታ ያነባል፣ የአዮክትል ቁጥሩም ብዙ ጊዜ የስትራክቱ መጠን ስለሚገባበት ጭራሽ አይገናኙም። ታይምስፔክ64 የከርነል ውስጥ ነው፣ ውጭ መውጣት የለበትም።

ትክክለኛው መንገድ የድሮውን አዮክትል እንዳለ ትቶ አዲስ ቁጥር ያለው አዲስ አዮክትል መጨመር ነው። አዲሱ ውስጥ ሰዓቱን በአንድ ዩ64 ናኖሰከንድ ላኩት፣ ኬታይም-ጌት-ኤንኤስ የሚመልሰው ራሱ ነው፣ ሳታካፍሉ ሳታባዙ። ስትራክቱ ውስጥ ከዩ64 በፊት ዩ32 ካለ በመካከላቸው ባዶ ዩ32 በእጃችሁ ጨምሩ፣ 32 ቢት ኢንቴል ዩ64ን በ4 ባይት ነው የሚያሰልፈው፣ አርም ግን በ8፣ በእጅ ካልሞላችሁት በሁለቱ ላይ የተለያየ ስትራክት ይሆናል። ባዶውንም ዜሮ አድርጉት፣ የከርነል ሜሞሪ ቁራጭ ወደ ውጭ እንዳይሾልክ።

የድሮውን አዮክትል የግድ ማኖር ካለባችሁ፣ 32 ቢት ሰከንድ ያለውን ስትራክት በራሳችሁ ሄደር ውስጥ በስሙ ዲፋይን አድርጉና ቁጥሩን እዛ ላይ እያወቃችሁ ቁረጡት፣ አጠገቡም ኮሜንት ጻፉ። ፊልዱ ምልክት የሌለው 32 ቢት ከሆነ እስከ ፈረንጆቹ 2106 ይደርሳል፣ ሃርድዌሩ ከዛ በላይ ቦታ ከሌለው ይሄ ተቀባይነት ያለው መፍትሄ ነው።

ሌላው፣ ሪልታይም የነበረውን ወደ ሞኖቶኒክ ስትቀይሩ የቁጥሩ ትርጉም ተቀይሯል። እኔ ድራይቨሩን ቀይሬ ደስ ብሎኝ ስተኛ፣ ንባቡን የሚሰበስበው የፓይተን ፕሮግራም ቁጥሩን እንደ ቀን ተርጉሞ ፋይሉን በሙሉ ጃንዋሪ 1970 እያለ ሞላው። የሶስት ቀን ዳታ ቀን አልባ ሆነ፣ እሱን ከቦርዱ የመነሻ ሰዓት ጋር አስልቼ ነው የመለስኩት። ስለዚህ ድራይቨሩን ከመጫናችሁ በፊት ያንን ቁጥር የሚያነበው ማን እንደሆነ ጠይቁ፣ ቀን የሚፈልግ ካለ ፕሮግራሙ ራሱ ንባቡን ሲቀበል ቀኑን ይጻፍ፣ ወይም አዲሱ አዮክትል ሁለቱንም ይላክ።

6. ጂፊስ እና ታይመር

ታይምአውት በጂፊስ (ከርነሉ በሚቆጥረው የቲክ ብዛት) የሚያሰላ ቦታ ካለ ትክክል ነው፣ መቀየር የለበትም፣ ብቻ በተራ የትልቅነት ምልክት የሚያወዳድር ከሆነ በታይም-አፍተር ወይ በታይም-ቢፎር ተኩት። 32 ቢት ላይ ኤችዜድ (በሰከንድ ያለው የቲክ ብዛት) 1000 ከሆነ ጂፊስ በየ49.7 ቀኑ ሞልቶ ወደ ዜሮ ይዞራል፣ 100 ከሆነ በየ497 ቀኑ። ይሄ ስህተት ቶሎ እንዲታይ ብለው የከርነል ሰዎች ጂፊስ ቦርዱ ከተነሳ 5 ደቂቃ በኋላ እንዲዞር አድርገው ነው የሚያስጀምሩት። ድራይቨራችሁ ቦርዱ ከተነሳ ልክ 5 ደቂቃ ላይ የሚያብድ ከሆነ መጀመሪያ እዚህ ፈልጉ።

የታይመር ፈንክሽኖቹም ከ4.15 ጀምሮ ተቀይረዋል፣ ሰትአፕ-ታይመር ተነስቶ ታይመር-ሰትአፕ ሆኗል፣ ኮልባኩ በአንሳይንድ ሎንግ ፈንታ የታይመሩን ፖይንተር ይቀበላል፣ ከሱ ላይ የራሳችሁን ስትራክት በፍሮም-ታይመር ታወጣላችሁ። በቅርብ ከርነሎች ይሄም ታይመር-ኮንቴነር-ኦፍ ተብሏል፣ ዴል-ታይመር-ሲንክም ታይመር-ዲሊት-ሲንክ ሆኗል። እነዚህ የስም ለውጦች ናቸው፣ የሰዓቱን ያህል አያሳስቡም።

7. ለአሮጌ ከርነልም እንዲሰራ ከፈለጋችሁ

ኬታይም-ጌት በጣም የቆየ ነው፣ ኬታይም-ጌት-ሪል-ቲኤስ64ም ከ3.17 ጀምሮ አለ፣ ስለዚህ እዚህ አገር ላይ በሚገኝ ቦርድ ሁሉ ማለት ይቻላል በከርነል ቨርዥን ኢፍ ሳትከፋፍሉ ይሰራል። ኮዱን በኢፍ እና በኤልስ የሞሉ ድራይቨሮች አይቻለሁ፣ አንዱ ጎን አሮጌ ስህተት፣ ሌላው ጎን አዲስ። ለነዚህ ለሁለቱ አያስፈልግም፣ አዲሱን ብቻ ጻፉ።

8. ሙከራ

መጀመሪያ የቦዩን ችግር ድገሙት። መሳሪያው እየለካ ሳለ በዴት ኮማንድ ሰዓቱን 6 ሰዓት ወደኋላ መልሱት፣ ሴንሰሩ ስር እጃችሁን ወይ ካርቶን አስገቡና ቁጥሩ ወዲያው ይቀየር እንደሆነ እዩ። ከዛ 6 ሰዓት ወደፊት። ከዛ ደግሞ ሰስፔንድ አድርጋችሁ አስር ደቂቃ ቆይታችሁ አንቁት፣ የመጀመሪያው ንባብ አዲስ መሆን አለበት። ቦርዱን ሪስታርት አድርጋችሁ ሳትነኩት ስድስት ሰባት ደቂቃ ተውት፣ የጂፊሱን ዙር እንዲያልፍ።

የ2038ቱን ደግሞ ቦርዱ ላይ ሳይሆን ኬሙ (ሌላ ማሽን አስመስሎ የሚያስነሳ ፕሮግራም) ላይ ሞክሩት። 32 ቢት አርም ማሽን ስታስነሱ አርቲሲ በሚለው ኦፕሽን ላይ ቤዙን ጃንዋሪ 19 ቀን 2038፣ 03፡10 ብላችሁ ስጡት፣ ድራይቨሩን ጫኑና አራት ደቂቃውን ጠብቁ። እዚህ ላይ ልብ በሉ፣ ከርነላችሁ ቢስተካከልም ከላይ ያለው ሲስተም ካልተስተካከለ ዴት ራሱ ሊሳሳት ይችላል። ግሊቢሲ (ዋናው የሲ ላይብረሪ) 32 ቢት ላይ 64 ቢት ሰዓት የቻለው ከ2.34 ጀምሮ ነው፣ ያውም ፕሮግራሙ 64 ቢት ሰዓት በሚመርጠው ኦፕሽን ኮምፓይል ከሆነ፣ ሙስል (ሌላው የሲ ላይብረሪ) ከ1.2.0 ጀምሮ። ስለዚህ የተሳሳተው ድራይቨሩ ይሁን ዴት ለመለየት ድራይቨሩ ውስጥ ሰከንዱን በጥሬው ፕሪንት አድርጉና በዲሜሴጅ እዩት፣ 2147483647 ካለ በኋላ 2147483648 ማለት አለበት። ኔጌቲቭ ካያችሁ የሆነ ቦታ አንድ ኢንት ወይ ሎንግ አምልጧችኋል፣ ወደ 1 ቁጥር ተመልሳችሁ ወረቀታችሁን አውጡ።

ሁሉም ካለፈ ኮሚት ስታደርጉ ሁሉንም በአንድ ፓች አትጠቅልሉ፣ "ስንት ፈጀ" የሆኑትን በአንድ፣ ቀን የሚፈልገውን በሌላ፣ አዲሱን አዮክትል በሶስተኛ። በእያንዳንዱ መልእክት ላይ የትኛውን ሰዓት እንደመረጣችሁ እና ለምን እንደሆነ ጻፉ፣ "ዲፕሪኬትድ ስለሆነ ቀየርኩ" ብቻ አይበቃም፣ ከዓመት በኋላ ኮዱን የሚከፍተው ሰው ለምን ቡትታይም እንጂ ሞኖቶኒክ እንዳልሆነ የሚያውቀው ከዛ ነው። ወደ ዋናው ከርነል የምትልኩት ከሆነ በቼክፓች (የኮድ አጻጻፍ መፈተሻ ስክሪፕት) አሳልፉትና በጌት-ሜይንቴነር ስክሪፕት ለማን እንደሚላክ አውጡ።